ለማን ልስጠው?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር ፊልም እያየን ሳለ መብራት ጠፋ። ፊልሙ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል። አንዲት እናት ልጇን የያዘውን የሙት መንፈስ ምስጢር ፍለጋ ወደ አንድ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ እያመራች ነው። ምስሉ ጭጋግ የለበሰ፣ ሙዚቃው ከመሬት ሥር የሚወጣ የሚመስል፤ ብቻ ሁሉም ነገር ‹‹አሁን ጉድ ሊፈላ ነው›› ይላል። ድርግም! ቤቱ ጨለመ። አስፈሪ ፊልም እያየ መብራት የጠፋበት ሰው፣ በደንቡ ከሆነ፣ መጮህ ነበረበት። ልጄ ግን ረጋ ብላ የስልኳን መብራት አበራችና ‹‹አባዬ፣ ሻይ ላፍላ እንዴ?›› አለችኝ። ሻያችንን ጠጣን። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ አክስቷ ሠርግ አወራን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ መጣ። ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን የከፈተ ግን አልነበረም። እሷም አልጠየቀችኝ፤ እኔም አላስታወስኳት።

ይሄኔ ነው የዚሁ ፊልም የመጀመሪያ ክፍል ትዝ ያለኝ። 1996 ዓ.ም. ነበር። ልጃችን ገና አልተወለደችም። ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ካሴቱን ተከራይቼ ከባለቤቴ ጋር እያየን፣ ያኔም እንዲሁ መብራት ጠፋ። የጠፋው ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ስልክ ከተደወለ በኋላ ነው። በጨለማው ውስጥ ሁለታችንም ዝም አልን። ትንሽ ቆይታ ባለቤቴ በሹክሹክታ ‹‹ስልኩን ንቀለው›› አለችኝ። ነቀልኩት። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼን ስለ ምክንያታዊነት ስሰብክ የምውል ሰው ነኝ። ነቀልኩት! መብራቱ እስኪመጣ ድረስም፣ ነገ የጠዋት ክፍለ ጊዜ እያለኝ፣ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ተቀምጠን ጠበቅን።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት የአንድን ታሪክ ጥንካሬ ለመለካት የሚያገለግሉ ብዙ መመዘኛዎችን በሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። ሴራ፣ ግጭት፣ የገጸ ባሕርይ አሳሳል፣ ሌላም ሌላም። ከሁሉም ግን የመብራት መጥፋት ሳይሻል አይቀርም። ታሪኩ መኻል ላይ ሲቋረጥ ‹‹ከዚያስ?›› ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ታሪኩ በሕይወት አለ። ሻይ ከተፈላ ሞቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያየነው ‹‹ዘ ሪንግ ቱ›› የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የሆሊውድ ፊልም ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ስለዚህ ከሰረ ብለን አናዝንለትም። የከሰረው ተመልካቹ ነው። የከሰረውም ሠሪዎቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ዳይሬክተሩ ሂዴዎ ናካታ፣ የዚህ ሁሉ ነገር ምንጭ የሆነውን የጃፓኑን ‹‹ሪንጉ›› በ1998 የሠራ፣ ድንጋጤን ሳይሆን ፍርሃትን የሚያውቅ ሰው ነው። ተዋናይቷ ናኦሚ ዋትስ ናት። ስክሪፕቱን የጻፈው ኧረን ክሩገርም የመጀመሪያውን የአሜሪካ ክፍል የጻፈው ራሱ ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ባለሙያዎች በአንድ ጣራ ሥር ተሰብስበው ሻይ የሚያስፈላ ፊልም እንዴት ሠሩ? እኔን ያነጋገረኝ ይህ ነው።

መጀመሪያ የቀደመውን እናስታውስ። ጎር ቨርቢንስኪ በ2002 የሠራው ‹‹ዘ ሪንግ›› በአንድ አረፍተ ነገር የሚነገር ታሪክ ነው፤ አንድ የቪዲዮ ካሴት አለ፣ ያየው ሰው ስልክ ይደወልለትና በሰባተኛው ቀን ይሞታል። ሬቸል የምትባል የሲያትል ጋዜጠኛ የእህቷን ልጅ አሟሟት ስታጣራ ካሴቱን ታያለች። የልጇ አባት ያያል። ኋላም ትንሹ ልጇ ኤይደን ያያል። ሰባት ቀን መቁጠር ይጀምራል። ሬቸል ነገሩን ስትፈትለው ሳማራ ወደምትባል፣ አሳዳጊ እናቷ ጉድጓድ ውስጥ ወርውራ ወደ ገደለቻት ልጅ ይወስዳታል። ሬሳዋን ከጉድጓዱ ታወጣለች። እኛም ‹‹በቃ፣ ነፍሷ አረፈ›› ብለን እንተነፍሳለን። የልጁ አባት ግን በቀጠሮው ቀን ይሞታል። እሷ ግን አልሞተችም። ለምን? ሬቸል ዓይኗ የሚገለጠው ይሄን ጊዜ ነው። እሷ የተረፈችው ሬሳ ስላወጣች አይደለም፤ ካሴቱን ቀድታ ለሌላ ሰው ስላሳየች ነው።

በፊልሙ መጨረሻ እናት የልጇን እጅ ይዛ ካሴቱን እንዴት እንደሚቀዳ ታሳየዋለች። ልጁም፣ ልጅ አይደል፣ አዋቂ የሚሸሸውን ጥያቄ ይጠይቃል። የምናሳየው ሰውስ ምን ይሆናል? እናትየዋ አትመልስም። ፊልሙም በዚሁ ያልቃል።

ባለቤቴን ስልክ ያስነቀላት ከቴሌቪዥን ውስጥ እየተሳበች የምትወጣው ፀጉራም ልጅ ብቻ አይደለችም። እሷን እንረሳታለን። የማይረሳው ያቺ ዝምታ ናት። ልጅ ያለው ሰው ሁሉ በሆዱ መልሱን ያውቀዋልና። ልጄ ይትረፍልኝ እንጂ የሌላው ልጅ የራሱ ጉዳይ ነው! ይህን በአደባባይ የሚናገር ሰው የለም፤ በጓዳ የማያስበው ደግሞ ጥቂት ነው።

ልብ በሉ፣ ይህን ጥያቄ የፈጠረው ሆሊውድ አይደለም። ኮጂ ሱዙኪ የተባለው ጃፓናዊ ደራሲ በ1991 ባሳተመው ልቦለድ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወንድ ነው፤ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ለማትረፍ ካሴቱን ይዞ ወደ ሚስቱ ወላጆች ቤት መኪናውን ይነዳል። ናካታ በፊልሙ ወንዱን በእናት ተካው። እናቲቱም በመጨረሻው ትዕይንት ለአባቷ ስልክ ትደውላለች። ለልጄ ስል አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው፣ ትላለች። አያት ለልጅ ልጁ እንቢ አይልም፤ እሷም ታውቃለች። መኪናዋ በባዶው መንገድ ትሄዳለች፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ አለቀ። በሦስቱም፣ በመጽሐፉም በሁለቱም ፊልሞች፣ ፍርሃቱ የሚቀመጠው መንፈሷ ላይ ሳይሆን በሕይወት ያለው ሰው ላይ ነው። ሳማራ በሉት ሳዳኮ፣ እሷ ሕግ አውጪ ናት። ሕጉን የሚፈጽመው ግን ሰው ነው።

አሁን ወደ ክፍል ሁለት እንምጣ። የሰውን ጥሩ ጎን አስቀድሞ መናገር ደግ ነውና ከዚያ ልጀምር።

ድባቡ ግሩም ነው። ሬቸልና ልጇ ከሲያትል ሸሽተው በኦሪገን ጠቅላይ ግዛት አስቶሪያ ወደምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ተዛውረዋል። ፀሐይ ያለ አይመስልም። ግራጫ ሰማይ፣ ግራጫ ውሃ፣ እርጥብ የእንጨት ቤቶች። ናካታ ውሃ ይወዳል፤ በ2002 የሠራው ‹‹ዳርክ ዋተር›› ከጣራ የሚንጠባጠብ ውሃን ብቻ ይዞ እንቅልፍ የሚነሳ ፊልም ነበር። እዚህም የመታጠቢያ ቤቱ ትዕይንት አለ። ልጁ ገንዳ ውስጥ ተቀምጧል። ውሃው ወደ ታች በመፍሰስ ፈንታ ወደ ላይ፣ ወደ ጣራው ይሄዳል። ጣራው ሥር እንደ ተገለበጠ ኩሬ ይንሳፈፋል። ከፊልሙ ሁሉ አንድ ትዕይንት አስቀምጥ ብትሉኝ ይህን አስቀምጣለሁ።

ሌላም አለ። እናትና ልጅ በመኪና ሲሄዱ ቀንዳም አጋዘኖች ከጫካው ብቅ ብቅ ይላሉ። ቆመው ያያሉ። አንዱ መጥቶ መኪናውን በቀንዱ ይመታል፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሰውን የሚሸሽ እንስሳ ሰውን ሲያጠቃ ማየት አንዳች የተገለበጠ ነገር አለው።

ከሁሉ የምወደው ግን አንዲት ትንሽ የቃል ጨዋታ ናት። ኤይደን ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ እናቱን በስሟ ‹‹ሬቸል›› ብሎ የሚጠራ፣ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ልጅ ነው። በክፍል ሁለት መኻል ላይ ድንገት ‹‹እማዬ›› ይላታል። የትኛዋም እናት ደስ ሊላት በሚገባበት ቃል እኛ ተመልካቾቹ ይዘገንነናል። የምትናገረው ሌላ ናታ! አንዲት የፍቅር ቃል ያለ ምንም ደም፣ ያለ ምንም ጩኸት ስታስፈራ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ‹‹ይሄን የጻፈ ሰው መጻፍ ይችላል›› ብዬ ነበር። ቸኩያለሁ።

እንግዲህ ጉድለቱን ላንሣ። ፊልሙ የሚጀምረው በጣም ጥሩ በሆነ ሐሳብ ነው። አንድ ጎረምሳ አንዲት ልጅ ቤቱ ጋብዟል። ካሴቱን እንድታይለት ይፈልጋል። ቀጠሮው ሊደርስ ደቂቃዎች ቀርተውታል። እሷን ሳሎን ትቶ ወደ ማድቤት ይገባል፤ ሰዓቱን ያያል። ልጅቷ ግን ፈርታ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ኖሯል። አላየችም። እሱ ይሞታል። እንዴት ያለ አጀማመር ነው! ያ ካሴት አሁን በጎረምሶች መኻል ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ሆኗል ማለት ነው። በክፍል አንድ እናት ያልመለሰችው ጥያቄ በክፍል ሁለት ከነሬሳው ደጇ ድረስ መጣ። ያ ልጅ የማን ልጅ ነው? ካሴቱ ከማን ደረሰው? የሬቸል ልጅ የቀዳው ቅጂ በስንት እጅ አልፎ፣ ስንቱን ገድሎ እዚህ ደረሰ?

ፊልሙ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ሬቸል ሟቹ ልጅ ቤት ትገባና ካሴቱን አንሥታ ታቃጥለዋለች። አለቀ! ካሴቱም፣ ሰባቱ ቀንም፣ ስልኩም፣ ‹‹ለማን ላሳየው›› የሚለው ጭንቅም ከመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ጋር አብረው ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲያ ሳማራ እናት የናፈቃት መንፈስ ትሆናለች፤ የኤይደንን ገላ ለብሳ የሬቸል ልጅ መሆን ትፈልጋለች።

ይህም ቢሆን በሥርዓቱ ቢያዝ ታሪክ በሆነ። አሁን ግን ሳማራ የምትችለውና የማትችለው ነገር አይታወቅም። አጋዘን ታዛለች፣ ውሃ ታዛለች፣ በሰው ውስጥ ትገባለች፣ በእጅ ሳትነካ አንዲት ሐኪም ራሷን በመርፌ እንድትገድል ታደርጋለች። አንድ ነገር ሲያስፈልጋት ያንን ነገር ትችላለች። ሬቸል ደግሞ መውጫ ሲያስፈልጋት ያ መውጫ ይገኛል፤ ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው መንፈሷ አትሰማም የሚል ሕግ ከየት መጣ ሳይባል ይመጣል። የአጋዘኖቹም ነገር በኋላ በአሮጌው ቤት ምድር ቤት የቀንድ ክምር በማሳየት ይታለፋል። ይህ ማብራሪያ ሳይሆን ደረሰኝ ነው።

የወንድ ጓደኛ ዓይነት ሰው አለ፤ የሬቸል የሥራ ባልደረባ። ደግ ነው፣ ይረዳታል፣ ይሞታል። ሲሞት ማን እንደሞተ አናውቅም። በ1976 በ‹‹ኬሪ›› ፊልም አንድ ትውልድ ያስደነገጠችው ሲሲ ስፔሴክ የሳማራ ወላጅ እናት ሆና ትመጣለች፤ እንዲህ ያለችን ተዋናይት አምጥተው በአንድ ትዕይንት ጥቂት እንቆቅልሽ አስነግረው ይሸኟታል። መጨረሻውስ? ሬቸል በቴሌቪዥኑ ውስጥ ተስባ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለች፤ ግድግዳውን ቧጥጣ ትወጣለች፤ መንፈሷ ከኋላዋ እየተሳበች ትከተላለች፤ ሬቸል ‹‹እናትሽ አይደለሁም›› ዓይነት ስድብ ጮኻባት የጉድጓዱን ክዳን ትገጥማለች። ሁለት አገር ያሸበረ፣ በስንት ሚሊዮን ዶላር የተነገረ እርግማን በክዳን ተፈታ። መጀመሪያውኑ ክዳን ተገጥሞባት አልነበረም እንዴ?

ሳስተምር በነበረበት ጊዜ የፈጠራ ጽሑፍ በየዓመቱ እሰበስብ ነበር። በየዓመቱ ከሚመጡልኝ መኻል አንድ የማይቀር ድርሰት አለ። አሮጌ ቤት፣ ሌሊት፣ ዝናብ፣ ከሩቅ የጅብ ጩኸት፣ የሚወዛወዝ የሻማ ብርሃን፣ በሩ ሲጢጥ ሲል። ስድስት ገጽ። አንዳንዱ በእውነት ይጽፈው ነበር፤ ዝናቡ ያበሰብሳል። ስድስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ በሩ ይከፈትና… ‹‹ለካ ሕልም ነበር።›› ለእነዚያ ልጆች እንዲህ እላቸው ነበር፤ ድባብ ብድር ነው። ገጽ በገጽ ከአንባቢህ ትበደራለህ። አንባቢው ‹ይከፍለኛል› ብሎ ያበድርሃል። ብድሩ በበዛ መጠን የምትከፍለውም ይበዛል። ‹‹ሕልም ነበር›› ማለት ተበድሮ መጥፋት ነው። ናካታ ከእኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ተበደረ፤ ውሃውን፣ ጭጋጉን፣ አጋዘኑን፣ ያቺን ‹‹እማዬ›› የምትለዋን ቃል ሁሉ ተበደረ። ስክሪፕቱ ግን የሚከፍልበት አልነበረውም።

ፍርሃት ሕግ ይፈልጋል። ይህን ሆሊውድ ቢረሳውም የአገራችን አሮጊቶች ያውቁታል። ዛር እንኳ፣ የሚያምን ይመን፣ የማያምን ይተው፣ ሥርዓት አለው። ስም አለው፣ ወገን አለው፣ የሚያድርበትን ሰው ‹‹ፈረሴ›› ይላል፣ ግብሩን ቆጥሮ ይጠይቃል። ግብሩ ከተሰጠው ይታረቃል። ቤተሰቡም ‹‹ከየት እናምጣ?›› ብሎ ይጨነቃል። ታሪኩ ያለው እዚያ ጭንቀት ውስጥ ነው። ምንም የማይጠይቅ፣ ያሻውን ሁሉ የሚችል መንፈስ ግን እንደ በረዶ ነው፤ ይወርድብሃል፣ ታዝናለህ፣ ያበቃል። በረዶ ላይ ምርጫ የለህም። ምርጫ በሌለበት ደግሞ ኃጢአትም ጽድቅም የለም፤ ድራማም የለም።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን የቴክኒክ ጉድለቱ አይደለም። ፊልሙ ሬቸልን በነፃ ማሰናበቱ ነው። በክፍል አንድ የራሷን ልጅ ለማትረፍ መዓቱን ወደማታውቀው ሰው ያሳለፈች ሴት ናት። ክፍል ሁለት ሊጠይቃት የሚገባው አንድ ጥያቄ ነበር። የሟቹን ልጅ እናት ፊት ለፊት አቁሞ ‹‹በዪ እንግዲህ›› ማለት። የሬቸል ጸጸት አንድ ጊዜ ብልጭ ይልና በውሃው ውስጥ ይሰጥማል። ከዚያ ወዲያ እሷ ንጹሕ ተበዳይ፣ ጀግና እናት ናት። ካሴቱን ማቃጠሏስ? ማቃጠሏ ምን ያስከፍላታል? እሷም ልጇም አንዴ ቀድተው፣ አሳልፈው፣ ተርፈዋል። ለማቃጠል ቀላሉ የሌላ ሰው መርገም ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ተምሬው አይደለም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ እኔም ቀድቻለሁ።

ያኔ በየሰፈሩ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞር ነበር። ዕድሜያቸው ወደ እኔ የሚጠጋ አንባቢዎች ያስታውሱታል። ‹‹ይህን ደብዳቤ ያገኘህ ሁሉ ሃያ ጊዜ ገልብጠህ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለሃያ ሰው አድርስ›› ይላል። ያደረሰ ሰው ምን ዓይነት ሲሳይ እንዳገኘ፣ የናቀ ሰው እንዴት ልጁ እንደሞተበት ይዘረዝራል። (ዛሬም አለ። በስልካችን ይመጣል። ቁጥሩ ወደ አሥር ዝቅ ብሏል እንጂ ማስፈራሪያው ያው ነው። አውራ ጣት ስለሚበቃው ለመጻፍ እንኳ አያደክምም።) አንድ ቀን ከበራችን ሥር ገብቶ ተገኘ። በዚያው ሳምንት ታናሽ እህቴ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም። አነበብኩላት። ፊቷ ተለዋወጠ። ምንም አላለችም፤ ሄዳ ወረቀት ገዛችና ፊቴ አስቀመጠችው። ሃያ ጊዜ ጻፍኩ። እጄ እስኪደነዝዝ። ከዚያ ማታ ማታ እየዞርኩ ደብዳቤዎቹን በየበሩ ሥር አስገባሁ። ‹‹የምናስገባባቸውስ ሰዎች ምን ይሆናሉ?›› ብዬ አልጠየቅኩም። ኤይደን ከእኔ ይሻላል። እህቴ ዳነች።

አንዱ ደብዳቤ የገባው እትዬ በምንላቸው ጎረቤታችን ቤት ነው። ብቻቸውን አንድ ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። እሳቸውም ማንበብ አይችሉም። ሊያስነብቡ ደግሞ የት ይሂዱ? የሰፈሩ አንባቢ እኔ ነኝ። ይዘውት መጡ። የራሴን ጽሕፈት ለእሳቸው አነበብኩላቸው። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር፤ ቀና አላለችም። ስጨርስ እትዬ ትንሽ ቆዩና፣ ‹‹ታዲያ ለማን ልስጠው?›› አሉ። ሰፈሩን በሐሳባቸው የዞሩት ይመስለኛል፤ ቤት በቤት። ‹‹የምጠላው ሰው የለኝም እኮ›› አሉ። ከዚያ ከእጄ ወሰዱት። አጠፉት። ቡናው በሚቆላበት ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ‹‹እኔው ጋ ይቅር›› አሉ።

እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ አላወቁም። ወይም አውቀዋል። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሬቸል ያቃጠለችው ላስቲክ ነው። እትዬ ያቃጠሉት አንድ ልጃቸውን በሌላኛው ሚዛን ላይ አስቀምጠው ነው፤ የተጻፈው ሁሉ እውነት እንደሆነ አምነውበት። ሁለቱም እሳት ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ የስክሪፕት ጸሐፊ ቢገኝ ኖሮ ክፍል ሁለት ያለ አጋዘን፣ ያለ ውሃ፣ ያለ ክዳን ስልክ ያስነቅል ነበር። አንዲት እናት፣ አንድ ካሴት፣ ሰባት ቀን፤ ከዚያም ‹‹እኔው ጋ ይቅር›› ማለት የምትችል መሆን አለመሆኗ። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አላውቅም።

እሑድ ፊልሙን ብቻዬን ጨረስኩት። አንድ ጊዜ እጽፍበታለሁ ብያለሁና ምን ይደረግ። ልጄ በሳሎኑ ስታልፍ ‹‹እንዴት አለቀ?›› አለችኝ፣ ለወጉ ያህል።

‹‹ክዳኑን ገጠመችው።››

‹‹በቃ?››

‹‹በቃ።››

ትከሻዋን ነቀነቀችና ልትሄድ ስትል የደብዳቤውን ታሪክ ጀመርኩላት። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ቆማ ሰማች፣ ኋላ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች። እትዬ ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ሲከቱት ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። ስልኳ ጮኸ። አላነሣችውም።

‹‹ከዚያስ?›› አለችኝ። ‹‹እትዬ ምን ሆኑ?››

ምንም አልሆኑም። ልጃቸውን አሳደጉ፣ ዳሩ፣ አረጁ። በማግስቱም እንደ ወትሮው ቡና ሊጠጡ መጡ። እናቴ ናት ለብዙ ጊዜ ሲኒውን ስታቀብላቸው ቀና ብላ ማየት ያቃታት።